«ምንም አያመኝም» ማለት ነፃ ነኝ ማለት ነው? ስለ ትሪኮሞኒያሲስ ይህን እንወቅ

ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥ ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። ትሪኮሞኒያሲስ ሲባልስ? አብዛኞቻችን «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ማለታችን አይቀርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ሌላ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን አዲስ የትሪኮሞኒያሲስ ኢንፌክሽን ተከስቷል። በዚያው ዓመት ጨብጥ 82 ሚሊዮን፣ ቂጥኝ ደግሞ 7 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

👉 ምንድነው?

በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋስ የሚያመጣው የአባላዘር በሽታ ነው። ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።

👉 ምልክቱስ?

ሴቶች ላይ ሽታ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ማሳከክና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ሊኖር ይችላል። ወንዶችም ፈሳሽ ወይም ማቃጠል ሊያዩ ይችላሉ። ችግሩ ግን ከተያዙ 10 ሰዎች 7ቱ ገደማ ምንም አይሰማቸውም።

👉 ታዲያ ከሆስፒታል ታካሚዎች ስንቱ ላይ ይገኛል?

«ይህን ያህል ፐርሰንት ተገኘ» የሚል ቁጥር ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ።

1ኛ፣ ማን ተመረመረ? ፈሳሽ አስቸግሯቸው የመጡ ሴቶች ብቻ ከተመረመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለእርግዝና ክትትል የመጡት ሁሉ ከተመረመሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ምንም ያልተሰማው ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ መጀመሪያውኑ ሆስፒታል ስለማይሄድ አይቆጠርም።

2ኛ፣ በምን ተመረመረ? በማይክሮስኮፕ ከሆነ ተህዋሱ የሚለየው ሲንቀሳቀስ በመታየቱ ነው። ናሙናው ትንሽ ከቆየ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ባለሙያውም ሊያየው አይችልም። በዘረመል የሚሠሩ ምርመራዎች ከማይክሮስኮፕ ከ3 እስከ 5 እጥፍ የበለጠ ያገኛሉ።

ስለዚህ በማይክሮስኮፕ «የለም» የተባለ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ምልክቱ ካልጠፋ ተመልሶ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

👉 ለምን ያሳስበናል?

በኤችአይቪ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ደግሞ ልጅ ያለ ጊዜው ከመወለድና ክብደቱ ከማነስ ጋር ይያያዛል።

👉 ይድናል?

አዎ፣ ይድናል! የሚታከመው ሜትሮኒዳዞል በሚባለው መድኃኒት ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ያው ነው። ግን ቤት የተረፈ ኪኒን አለ ብላችሁ ራሳችሁን አታክሙ። መጠኑና የቀኑ ብዛት ይለያያል፣ ለወንድና ለሴትም አንድ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ አጋርም አብሮ መታከም አለበት። አንዱ ብቻ ከታከመ ተመልሶ መያዝ አለ። ሁለቱም ሕክምናውን ጨርሰው ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ከግንኙነት መታቀብ ይገባል። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ተህዋሱ ሳይታወቅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ውጤቱ መቼና ከማን እንደተያዛችሁ አይናገርም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ «ከማን አመጣኸው? ከማን አመጣሽው?» ወደሚል ጭቅጭቅ ከመግባታችሁ በፊት አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው!