ከ«ወፌ ቆመች» በኋላ፦ የልጅ የመጀመሪያ ጫማ

ልጅ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሮ «ወፌ ቆመች» ከተባለለት በኋላ ቤት ውስጥ የሚነሳው ቀጣዩ ጉዳይ ጫማ ነው። አያት «እግሩ እንዲጠና ጠንከር ያለ ይገዛለት» ይላሉ። አክስት ሲረግጥ መብራት የሚያበራውን ትመርጣለች። አባት ደግሞ «በየወሩ ጫማ አይገዛም፤ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ያድግበታል» ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ሆኖም ጠንካራውም፣ የሚያብረቀርቀውም፣ ሰፊውም ጫማ ብዙውን ጊዜ ለጀማሪ እግር አይበጅም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከጫማው በፊት እግሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

እግሩ ገና ተሠርቶ አላለቀም

የአዋቂ ሰው እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ጫፍ 26 አጥንቶች አሉት። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ እግር ውስጥ ግን ከእነዚህ ብዙው ክፍል ገና ልም አጥንት ነው፤ የጆሯችን ጠርዝ የተሠራበት ዓይነት፣ ሲጫኑት የሚታጠፍ ነገር። አንዳንዶቹ ወደ አጥንትነት መለወጥ የሚጀምሩት ልጁ 2 ወይም 3 ዓመት ሲሆነው ነው። እግሩ ሙሉ በሙሉ ጠንክሮ የሚያበቃው ደግሞ በጉርምስና ማብቂያ ላይ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ጠባብ ጫማ አዋቂን ያሳምማል፣ አዋቂም ያወልቀዋል። የሕፃን እግር ግን ለስላሳ ስለሆነ ተጨፍልቆ በጠባቡ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ልጁም ሳያለቅስ ይውላል። ስለዚህ «ቢጠበው ኖሮ ያለቅስ ነበር» የሚለው መተማመኛ አይሠራም። ልኩን መከታተል የወላጅ ሥራ ነው።

የእግሩ ውስጥ ጠፍጣፋ መሆንም ብዙ ወላጆችን ያስደነግጣል። በዚህ ዕድሜ ግን የተለመደ ነው፤ ውስጡ ስብ የሞላበት ስለሆነ ቅስቱ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ ይወጣል። ልዩ «ማስተካከያ» ጫማም አያፋጥነውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ1 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ጠፍጣፋ እግር ያላቸውን ልጆች ለ3 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ልዩ ጫማ ያደረጉትም ሆኑ ያላደረጉት ልጆች እግር በተመሳሳይ ሁኔታ ተሻሻለ።

መራመድን የሚያስተምረው ልምምድ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናት ላይ ያካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ጤነኛ ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩበት ጊዜ ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ይዘረጋል። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ሲሄድ የእርስዎ በ14 ወሩ ቢዳህ ሁለቱም ደህና ናቸው ማለት ነው።

በኒው ዮርክ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸውን ልጆች በነፃነት ሲጫወቱ ተመልክቶ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ሲራመዱና 17 ጊዜ ሲወድቁ ቆጥሯል። ልጅ መራመድን የሚማረው በዚህ ሁሉ ድካም ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቶቹ ወለሉን ይጨብጣሉ፤ የውስጥ እግሩ ቆዳም ወለሉ ለስላሳ ይሁን ሸካራ፣ ተዳፋት ይሁን ሜዳ ለአእምሮው ይነግራል። ወፍራምና ደረቅ ሶል ይህን ወሬ ያቋርጠዋል። ስለዚህ ጫማ ልጅን አያስተምርም። ጫማ የሚጠበቅበት አንድ ሥራ አለ፤ እሱም እግሩን ከብርድ፣ ከእርጥበት፣ ከስለትና ከአፈር መጠበቅ ነው። ጥሩ ጫማ ማለት ይህን እየሠራ እግሩን እንደ ባዶ እግር እንዲንቀሳቀስ የሚተወው ነው።

ባዶ እግር የት?

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ በሕንድ 2,300 ልጆችን የመረመረ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉት ውስጥ 8.6 በመቶው፣ ከማያደርጉት ግን 2.8 በመቶው ብቻ ጠፍጣፋ እግር እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ዓይነት ውጤቶች «ልጅ በባዶ እግሩ ይሂድ» ለሚለው ምክር ድጋፍ ይሆናሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ እኛ አገር ግን ከደጅ መለስ ነው።

ውጭ ሙጀሌ አለ። እርጥብና ሞቃት በሆነ አካባቢ በእግር ቆዳ በኩል ሰርጎ የሚገባና ደም የሚያሳንስ የአንጀት ትል አለ። በደጋው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ደግሞ የእግር ዝሆኔን፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስን ያመጣል። በአገራችን ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከአፈሩ ጋር አያይዞ በሰፊው ያጠናው በእኛው ደጋዎች ነው። ከዚህ በሽታ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው፤ ልማዱም መጀመር ያለበት ከልጅነት ነው። እንግዲህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ወለል ላይ ባዶ እግር፤ ከደጅ ሲወጣ ጫማ።

ልኩን በካርቶን

ሱቅ ውስጥ ለልጁ ጫማ አድርጎ ጫፉን በአውራ ጣት መጫን የተለመደ ነው። ነገር ግን ልጅ ጣቶቹ ሲነኩበት ወደ ውስጥ ስለሚያጥፋቸው ሰፊ ያልሆነው ሰፊ ይመስላል። አስተማማኙ መንገድ ከቤት ይጀምራል።

ከጫማ ማሸጊያ ካርቶን ቁራጭ ይቁረጡ። እግር ቀኑን ሲውል ስለሚያብጥ ልኬቱን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት። ልጁ ካልሲ አድርጎ ካርቶኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አንድ ሰው ከፊቱ ሆኖ እጁን ይያዘው። ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል፤ ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማልና። እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይዘው ዙሪያውን ያስምሩ፤ ሁለቱንም እግር። አንዱ ከሌላው ጥቂት ሊረዝም ስለሚችል ረጅሙ ይያዝ። ብዙውን ጊዜ ረጅሙ አውራ ጣት ቢሆንም በአንዳንዱ ልጅ ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ 1 ሴንቲሜትር ከትንሽ ይጨምሩና ከተረከዙ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ጣት በሚያህል ስፋት ረጅም ቁራጭ ቆርጠው ያውጡ። ይህ ቁራጭ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ከገባ ርዝመቱ ይበቃል፤ ከታጠፈ አይበቃም። ልጁን ይዞ ገበያ መንከራተት ቀረ ማለት ነው፤ መርካቶ ጫማ ተራ ካርቶኗን በቦርሳ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ቁጥሩንም በሒሳብ ማግኘት ይቻላል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ቁጥሩን በ2 አባዝተው ለ3 ቢያካፍሉት የውስጥ ርዝመቱ በሴንቲሜትር ይወጣል። 20 ቁጥር 13.3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እግሩ 12.2 ሴንቲሜትር ለሆነ ልጅ ልክ ነው። ሆኖም አምራቾች ስለሚለያዩ ቁጥሩና ካርቶኗ ካልተስማሙ ካርቶኗን ይመኑ።

የጀማሪ ልጅ እግር በወር 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። የተጨመረችው ቦታ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ወደ ግማሽ ትወርዳለች። ስለዚህ በየሁለት ወሩ መለካት ይገባል። «ያድግበታል» ተብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት ግን ቁጠባ አይሆንም። እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶቹ ጫማው እንዳያመልጣቸው ይኮማተራሉ፤ ልጁም በጫማው ጫፍ ይደናቀፋል። ጫፉ ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅም ይህን አያስተካክለውም።

ጫማውን በእጅ መፈተሽ

ከመግዛት በፊት ጫማውን በእጅ መፈተን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጫፉንና ተረከዙን ይዘው ያጥፉት፤ ያለ ትግል ሊታጠፍ ይገባል፤ የሚታጠፈውም ጣቶቹ ከእግሩ በሚጀምሩበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ መሆን የለበትም። ቀጥሎ ልብስ እንደሚጨምቁ ጠምዘዝ ያድርጉት፤ ትንሽ መጠምዘዝ አለበት። በመጨረሻም በአንድ እጅ ይመዝኑት፤ ለእርስዎ የከበደ ለልጁ እጅግ ይከብዳል።

ጣቶቹ የሚያርፉበት ፊቱ ክብ እንጂ ሾጣጣ አይሁን። ተረከዙ ጠፍጣፋ ይሁን። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ከፍ ያለ ጫማ እግር አያጠነክርም፤ ጥቅሙ በቀላሉ አለመውለቁ ነው። ተጭኖ የሚጣበቅ ማሰሪያ ወይም ክር ያለው፣ ማሰሪያ ከሌለው ይሻላል፤ ወፍራምና ቀጭን እግርን እኩል ይይዛልና። እጅዎን ውስጥ አስገብተው የሚቧጥጥ ስፌት አለመኖሩን ይዳስሱ። መብራትና ፉጨት ያለው ጫማ ይህን ሁሉ ካሟላ አይጎዳም፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ከተረከዙ ሥር ስለሚቀመጥ ሶሉ ይደርቃል።

ለክረምት፣ ለቆላ፣ ለበረዶ አገር

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለዚህ ወቅት ወላጅ ቶሎ የሚያስበው የላስቲክ ቦት ነው። ቦት ውኃ አያስገባም፤ ላብም አያስወጣም። ይከብዳል፣ አይታጠፍም። ስለዚህ ለጓሮ ጭቃና ለአጭር መንገድ ይሁን እንጂ ሙሉ ቀን አይዋልበት። ለዕለት ጉዞ ሶሉ ላይ ጥልቅ ጥርስ ያለው ለስላሳ ላስቲክ፣ ላዩ ደግሞ ቆዳ የሆነ ጫማ ይሻላል፤ ቆዳ ቅባት ሲቀባ ውኃ ይቋቋማል፣ አየርም ያስገባል። ሸራ ጫማ ለበጋ ጥሩ ነው፤ በክረምት ግን እንደ ረጠበ ይውላል። ሶሉ ለስላሳ ፕላስቲክ የሆነ ጫማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።

የረጠበ ጫማ ከሰል ምድጃ ዳር አይቀመጥ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሙጫው ይለቃል። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ነፋስ ባለበት ያኑሩት፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ይቀይሩት። በቂ ካልሲ መያዝም ከሁለተኛ ጫማ ይረክሳል፤ ካልሲው ራሱ ከጠበበ ግን ጣት ይጨፈልቃል።

እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር ከፊት ጣት የሚሸፍን፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ይመረጣል፤ ነጠላ ጫማ ለጀማሪ አይሆንም። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖች ደግሞ ለበረዶው ገበር ያለው ቦት ሲገዙ ልኩን ከወፍራም ካልሲው ጋር ይውሰዱ። የሚያሞቀው በእግርና በጫማ መሃል ያለው አየር ነው፤ ተጨናንቆ የገባ እግር ይበርደዋል።

ከውጭ የሚላክና የሚወረስ

ዘመድ ከውጭ ጫማ ሲያመጣ ቁጥር ብቻ መንገር ያሳስታል፤ በአውሮፓ 20 የሆነው በእንግሊዝ 4፣ በአሜሪካ ደግሞ 5 ገደማ ነው። የእግሩን ርዝመት በሴንቲሜትር ይላኩ። ከወንድም የሚወረስ ወይም ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን ገልብጠው ይዩ። በአንድ ጎን የተበላ ወይም ውስጡ የሌላ ልጅ እግር የሰመጠበት ከሆነ ይተዉት። ለበዓል ብቻ የተደረገና ቅርጹን ያልለቀቀ ከሆነ ግን ታጥቦ ደርቆ ቢያገለግል ነውር የለበትም።

ጫማ የማይፈታው ነገርም አለ። ልጁ 18 ወር አልፎት ካልተራመደ፣ ካነከሰ፣ አንዱ እግሩ ብቻ ከጎበጠ ወይም የሁለቱም ጉብጠት 2 ዓመት ካለፈው በኋላ እየባሰ ከሄደ ሐኪም ይየው። ጉብጠቱ ፀሐይ ሳያገኝ ባደገ ልጅ ላይ የሪኬትስ (የአጥንት መለስለስ በሽታ) ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሕክምና አለው።

ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ ዛሬ ልኩ የሆነውን፣ የሚታጠፈውንና ሶሉ የማያንሸራትተውን ይግዙ። ስሙ የታወቀ ባይሆን፣ ዋጋው ውድ ባይሆን ግድ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ካርቶኗን እንደገና ቆርጠው ጫማው ውስጥ ያስገቡ፤ ከታጠፈች ቦታው እየጠበበ ነውና ለቀጣዩ ይዘጋጁ።