ንጉሥን የመንዳት ጥበብ፦ ከሐበሻ ሰንጠረዥ ጋር ትውውቅ

የላስታ ምድር ገደላም ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚዋጋ ሰው ጠላቱን አሥር ጊዜ ከመምታት አንድ ጊዜ ወደ አፋፉ መግፋት እንደሚበልጥ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው በምናብ የሚፋለሙባቸው የዘመናችን ጨዋታዎችም ይህን ስልት ሕግ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ2008 አራተኛ እትሙ ባላጋራን መግፋትን፣ መሳብንና ማንሸራተትን ለይቶ ደንግጓል፤ ተጫዋቹ ጠላቱን ወደ እሳት ወይም ወደ ጉድጓድ ይነዳዋል። በእኛ አገር ግን ባላጋራን ካለበት አስለቅቆ መንዳት የአሸናፊነት ክብር የሆነበት፣ ከዚህ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ጨዋታ አለ፦ ሰንጠረዥ።

ላሊበላን አይቶ ለአውሮፓ አንባቢ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን በነበረበት በ1520ዎቹ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ከላስታ ጎረቤት ከየጁ የተነሡት ራስ አሊ እ.ኤ.አ. በ1849 ከእርሱ ጋር ውል የተፈራረሙት እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው ሕግ ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 ነው።

ሰሌዳው 64 ቤት አለው። እያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ (ወታደር) ያሰልፋል። ደር ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ፈረስ እንደ ቼስ ፈረስ ይዘላል፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ሠራዊቱን ያሰፍራል። ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሰንጠረዥ ልዩ ውበት ያለው ፍጻሜው ላይ ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መውጫ አሳጥቶ ማት ማለት እንደ ተራ ድል ይቆጠራል፤ የሚደነቀው በፊልና በመደቅ የጨረሰ ነው። ይህ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው 8 ቤት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 16። ሁልጊዜ ሁለት መስመር ስለሚዘሉም የባላጋራ ንጉሥ የቆመበትን የመጨረሻውን መስመር ፈጽሞ አይነኩትም። ንጉሡ እዚያው እስካለ ድረስ ከፊል ስጋት የለበትም።

ስለዚህ መነዳት አለበት። ደር በኋላው መስመር ገብቶ «ኪሽ!» እያለ ሲያሰጋው ንጉሡ ወደ ፊት ይወጣል። ፈረስ ከጎን «ኪሽ!» ሲል ወደ ዳር ይሸሻል። መደቆች ቀድመው የያዙት ቤት መውጫ ይነሳዋል። በመጨረሻ ከእነዚያ 16 ቤቶች በአንዱ ላይ ሲቆም ፊሉ ይደርሳል፤ ዘሎ ስለሚመታም በመሀል ጠጠር ጣልቃ ማስገባት ንጉሡን አያድነውም።

ያገኙትን ሁሉ መብላትም አያዋጣም። ጓደኞቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይቻልም። አሸናፊው ለባላጋራው ሠራዊት መጠንቀቅ፣ ከመግደል ይልቅ ቦታ ማስለቀቅን መምረጥ አለበት። ሰንጠረዥን ከጦርነት ጨዋታዎች ሁሉ የሚያስከብረው ይህ ሕግ ይመስለኛል፤ ጉልበትን ለእረኝነት፣ ክብርን ለትንንሾቹ ይሰጣልና።

ዛሬ ወጣቶቻችን የሚያውቁት ቼስን ነው፤ ሰንጠረዥ ተጫዋች እምብዛም አይገኝለትም። ለመጀመር ግን አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ባለው የቼስ ሰሌዳ ላይ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ከፈረሶቹ ቀጥሎ ወደ ውስጥ የሚቆሙትን ሁለቱን ፊል አድርጋቸው፤ በወረራ ጀምር፤ በደር ለመጨረስ ስትቃረብም እጅህን ሰብስበህ ንጉሡን ወደ ፊልህ ንዳው። ለልጆችህም አስተምራቸው።