አሳዳጁ ለምን ሁልጊዜ ይሸነፋል?

ድመት ባለበት ቤት የአይጥ ዕድሜ አጭር ነው። ድመቷ ከጎተራው ሥር አድፍጣ ትጠብቃለች፤ አይጧ እህል ፍለጋ ብቅ ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ወደ ጉድጓዷ አትመለስም። በካርቱን ፊልሞች ዓለም ግን ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ተገልብጧል። ጉልበተኛው ይሸነፋል፤ ትንሹ ያመልጣል፤ ተመልካቹም ውጤቱን አስቀድሞ እያወቀ ይስቃል። ከእነዚህ አጫጭር ፊልሞች መካከል ቀደምቶቹ ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥረዋል፤ ዛሬም ልጅና አዋቂን እኩል ያስቃሉ። መጨረሻው የታወቀ ቀልድ ይህን ያህል ዘመን ሳያረጅ የቆየው እንዴት ነው? መልሱን ከአምላጩ ብልኀት ይልቅ በአሳዳጁ ጠባይ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ፊልሞቹ የተወለዱት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሲኒማ የገባ ተመልካች ዋናው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ የሚወስድ ካርቱን ያይ ነበር። ይህቺ አጭር ጊዜ የብዙ ሰዎችን ልፋት የጠየቀች ናት። በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች በመጋረጃው ላይ ስለሚያልፉ፣ የሰባት ደቂቃ ፊልም ከ10 ሺህ በላይ ምስሎችን ይይዛል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል በማዋል ድካሙ ቢቀንስም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች በእጅ ይሣሉ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ ይገለበጡ፣ ቀለም ይቀቡና አንድ በአንድ በካሜራ ይነሡ ነበር።

ከአሳዳጅና ተሳዳጅ ፊልሞች ሁሉ በስፋት የታወቁት ቶም እና ጄሪ ናቸው። ፈጣሪዎቻቸው በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1940 ለእይታ በቃ። ያኔ ድመቱ ቶም አልተባለም ነበር፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። አይጡ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ በስም አልተጠራም። በስቱዲዮው ውስጥ ድመት አይጥን የሚያሳድድበት ታሪክ ምን አዲስ ነገር አለው የሚሉ ስለነበሩ፣ ሁለቱ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ሥራ ተዛውረው ነበር። ይሁን እንጂ ፊልሙ በተመልካች ዘንድ ተወደደ፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጨ። ከቴክሳስ ግዛትም ተከታይ ፊልም ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰ። ሥራው እንዲቀጥል ተወሰነ፤ በሠራተኞች መካከል በተካሄደ የስም ውድድርም ቶም እና ጄሪ የሚለው ስያሜ ተመረጠ። ሃና እና ባርቤራ እስከ 1958 ድረስ ለእይታ የበቁ 114 አጫጭር ፊልሞችን ሠርተዋል። ከእነዚህም ሰባቱ የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል።

ድመቱና አይጡ የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። የንግግርን ቦታ የያዘው ሙዚቃ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ስኮት ብራድሊ የድመቱን እያንዳንዱን እርምጃ፣ የሳህኑን መሰበርና የአይጡን ሹልክ ማለት በኦርኬስትራ ድምፅ ያጅብ ነበር። ቶም ጅራቱ ሲያዝበት የሚያሰማው ዝነኛ ጩኸትም የራሱ የዊሊያም ሃና ድምፅ ነው። በዚህም ምክንያት ፊልሞቹ ከሀገር ሀገር ሲሻገሩ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ እንግሊዝኛ ያልሰማ ሕፃንም ከተናጋሪው እኩል ይረዳቸዋል።

በቶም እና ጄሪ ፊልሞች ውስጥ ጄሪ በእርግጥ ብልኅ ነው። ወጥመድ ይገለብጣል፤ ጠላቱን ከውሻ ጋር ያጋጫል፤ ቀዳዳ አያጣም። የአማርኛ ተረት ሲሰማ ያደገ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በሆዱ የሚታለለውን ጅብና በዘዴ የምታመልጠውን ጦጣ ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ስቱዲዮ የተሠሩ ፊልሞች ቀልዱን ወደተለየ አቅጣጫ ወሰዱት። በእነርሱ ውስጥ ተሳዳጇ ብልኅ መሆን እንኳን አላስፈለጋትም።

እ.ኤ.አ. በ1949 በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ አዘጋጁ ቸክ ጆንስና ደራሲው ማይክል ማልቴዝ አንድ ኮዮቴ አንዲትን ወፍ የሚያሳድድበትን ፊልም አቀረቡ። ኮዮቴ ከተኩላ የሚያንስ፣ ከውሻ ወገን የሆነ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። ወፏ ሮድ ራነር ትባላለች፤ የመንገድ ሯጭ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች ያሰቡት በዘመኑ በበዙት የማሳደድ ካርቱኖች ላይ ለመቀለድ ነበር። ተመልካቹ ግን ቀልዱን እንደ እውነተኛ ማሳደድ ተቀበለው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሁለተኛው ፊልም ተከተለ።

ጆንስ የኮዮቴን ጠባይ ያገኘው በልጅነቱ ካነበበው የማርክ ትዌን መጽሐፍ እንደሆነ ተናግሯል። ትዌን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው የጉዞ ትረካ ኮዮቴን የከሳ፣ ዘወትር የሚርበው ፍጡር አድርጎ ገልጾታል። የሚያስገርመው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሚሳደደው ኮዮቴው ራሱ መሆኑ ነው። በፍጥነቱ የሚመካ ውሻ ይከተለዋል፤ ኮዮቴው ሳይቸኩል ያስጠጋውና በመጨረሻ ከዓይኑ ይሰወራል። ጆንስ ረኀቡን ለኮዮቴ ትቶ፣ የማምለጥ ችሎታውን ለወፏ ሰጠ።

ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ፊልሞቹ የሚመሩባቸውን ሕጎች ዘርዝሯል። ወፏ «ቢፕ ቢፕ» ከማለት በቀር ኮዮቴውን በምንም አትጎዳውም። ከመንገዷም አትወጣም። ታሪኩ የሚካሄደው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ብቻ ነው። ኮዮቴውን የሚጎዳው የራሱ አለመቻል ወይም የገዛው ዕቃ መበላሸት ነው፤ ጉዳቱም ከአካሉ ይልቅ ክብሩን ይነካል። ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ግን ኮዮቴው በፈለገ ጊዜ ማሳደዱን ማቆም የሚችል መሆኑ ነው፤ የማያቆመው እልኸኛ ስለሆነ ብቻ ነው። ደራሲው ማልቴዝ ስለ እነዚህ ሕጎች ሰምቶ እንደማያውቅ ተናግሯል፤ በፊልሞቹም አልፎ አልፎ ተጥሰዋል። ያም ሆኖ የፊልሞቹን አሠራር በሚገባ ይገልጻሉ።

በመጀመሪያው ፊልም የታየው ዘዴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮዮቴው በድንጋይ ግድግዳ ላይ ዋሻ የሚመስል ሥዕል ይሥላል፤ ወፏ እውነተኛ መንገድ መስሏት ከግድግዳው ጋር እንድትላተም ነው። ወፏ ግን በሥዕሉ ውስጥ አልፋ ትሄዳለች። ተደንቆ ሊከተላት ሲሮጥ ከድንጋዩ ጋር የሚላተመው ራሱ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ሮኬት፣ ማግኔት ወይም ፈንጂ ያመጣል። ዕቃው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አክሚ ከተባለ ምናባዊ ድርጅት ነው። ቃሉ በግሪክኛ ጫፍ ወይም ከፍታ ማለት ሲሆን፣ በስልክ ማውጫ ላይ በፊደል ተራ ቀድሞ ስለሚገኝ ብዙ የአሜሪካ ነጋዴዎች ለድርጅታቸው ይመርጡት ነበር። ኮዮቴው ከአክሚ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ካለው ሥጋ ለምን አይገዛም የሚለው ጥያቄ በተመልካቹ አእምሮ መምጣቱ አይቀርም። ቀልዱም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ረኀቡ ከተረሳ ቆይቷል፤ የቀረው እልኹ ነው።

ኮዮቴው ከገደል ጫፍ አልፎ አየር ላይ ሲሮጥ ወዲያው አይወድቅም። የሚወድቀው ወደ ታች ተመልክቶ መሬት እንደሌለ ሲረዳ ነው። ጆንስ የዚህን አወዳደቅ ጊዜ በጥንቃቄ ለክቶታል፤ ኮዮቴው እያነሰ ሄዶ ከዓይን እስኪሰወር 18 ምስሎች፣ ከዚያም መሬት ነክቶ አቧራው እስኪቦን 14 ምስሎች ያልፋሉ። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣሉ። 13 ወይም 15 ቢሆን ሳቁ እንደሚጠፋ ያምን ነበር። ከሳቁ ጀርባ ይህን ያህል ስሌት ነበረ።

የወፏ ድምፅም የራሱ ታሪክ አለው። ፖል ጁሊያን የተባለው የጀርባ ሥዕል ባለሙያ ትልልቅ ሥዕሎችን ታቅፎ በስቱዲዮው መተላለፊያ ሲያልፍ ፊቱ ስለሚሸፈንበት፣ ሰው መንገድ እንዲለቅለት እንደ መኪና ጥሩንባ ድምፅ ያሰማ ነበር። ያ ድምፅ ተወሰደና የወፏ ብቸኛ ንግግር ሆነ።

በእውነተኛው በረሃ ነገሩ የተለየ ነው። ሮድ ራነር ከኩኩ ወፎች ቤተሰብ የምትመደብ፣ እባብ፣ እንሽላሊትና ነፍሳት እያደነች የምትበላ ወፍ ናት፤ ፍጥነቷም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮዮቴ ደግሞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ይችላል። ስለዚህ ያለ ሮኬትና ያለ ፈንጂ፣ በአራት እግሩ ብቻ ቢሮጥ ይደርስባት ነበር። ወፏ ግን በእውነቱ ዓለም አጭር ርቀት ትበራለችና ማምለጫ አታጣም።

እነዚህ ፊልሞች ያለ ነቀፋ አልቀሩም። አንደኛው ድብደባ የበዛባቸው መሆኑ ነው። መጀመሪያ የተሠሩት ለሲኒማ ቤት ተመልካች በአጠቃላይ ነበር፤ የልጆች ብቻ ተደርገው መታየት የጀመሩት ወደ ቴሌቪዥን ከተሻገሩ በኋላ ነው። በፊልሙ የተጨፈለቀው ድመት በቀጣዩ ትዕይንት ደኅና ሆኖ ይነሣል፤ በመዶሻ የተመታ ጣት ግን እንዲያ አይድንም። ይህን ልዩነት ገና ለማያውቅ ሕፃን ከጎኑ ሆኖ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይከብዳል። አንዳንዶቹ የቶም እና ጄሪ ፊልሞች ጥቁር አሜሪካውያንን በሚያዋርድ መልክ ሥለዋል። በኋለኛው ዘመን ከእነዚህ ትዕይንቶች ከፊሉ ተቆርጧል፤ ፊልሞቹ በዲቪዲና በኢንተርኔት ሲቀርቡም የዘመኑን ጭፍን ጥላቻ የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ ተጨምሮባቸዋል።

የዘመኑ ፍጻሜ የመጣው ከገበያ ነው። ኤም ጂ ኤም ያረጁ ካርቱኖችን ደግሞ በማሳየት ከአዲሶቹ ያላነሰ ገቢ እንደሚያገኝ ሲረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋ። ሰባት ኦስካር ያስገኙት ሠራተኞች ሥራ አጡ። ሃና እና ባርቤራ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ፤ በዚያም ሥዕሎቹን በእጅጉ ቀንሰው በአነስተኛ ወጪ መሥራትን ተማሩ። ቸክ ጆንስም በ1960ዎቹ ተራው ደርሶት 34 የቶም እና ጄሪ ፊልሞችን አዘጋጅቷል።

ሰው በእነዚህ ፊልሞች ሲስቅ መጀመሪያ የሚደሰተው ለአምላጩ ነው። ደጋግሞ ሲያይ ግን ልቡ ወደ አሳዳጁ ያዘነብላል። ጆንስ ራሱ መሣሪያ መጠቀም የማይሆንለት ሰው እንደነበረና የኮዮቴው ውድቀት የራሱ እንደሆነ ይናገር ነበር። ወፏን መሆን የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ያልሆነለትን ነገር ዘዴ እየለዋወጠ ደጋግሞ የሞከረ፣ ማቆም ሲገባውም ያላቆመ ግን ብዙ ነው። ኮዮቴው ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል። መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የሚከለክለው የለም። እርሱ ግን ከአክሚ የመጣውን ቀጣይ ሣጥን መክፈት ይጀምራል።