ስለ እግር ኳስ ሊግና ስለ ንግድ፤ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን

በዚህ ጋዜጣ በየሳምንቱ የምናቀርበው የእህልና የበግ ዋጋ፣ የዕቃ ማስመጫ ደንብና የመንገድ ወሬ ነው። ስለ እግር ኳስ መጻፍ ለንግድ ምክር ቤት ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ደግሞም መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ቡድን ኖሯቸው አያውቅም። ይሁን እንጂ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ፣ ጨዋታ ባለበት ቀን ሻይ ቤቱ ሲሞላና ሱቁ ሰው ሲያጣ የማያይ ነጋዴ የለም። ገንዘብ ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው በር ሲገባ ምክንያቱን መጠየቅ የነጋዴ ሥራ ስለ ሆነ፣ አንድ የውድድር ዘመን ከንግድ ወገን ሲታይ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን። ለምሳሌ የመረጥነው የ2013 ዓ.ም.ን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት የሊጉ የገንዘብ መንገድ ከመሠረቱ ተለወጠ።

በመጀመሪያ ሊግ ማለት ምን እንደ ሆነ እንናገር። የእግር ኳስ ውድድር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥሎ ማለፍ የሚባለው ሲሆን ጠባዩ እንደ ሐራጅ ነው፤ በአንድ ቀን ያሸነፈ ይወስዳል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ሊግ ነው፤ ይህ ግን እንደ ሱቅ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ይጋጠማል፤ ለድል 3፣ ለአቻ 1 ነጥብ ይመዘገብለታል፤ ሒሳቡም ዓመቱ ሲያልቅ ይዘጋል። አንድ ቀን መክሰር አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ወር በወር እየተንጠባጠበ የሚሄደው ጉድለት ነው። ሱቅ ለያዘ ሰው ይህን በብዙ ቃል ማስረዳት አያስፈልግም።

በ2013 ዓ.ም. በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ቡድኖች 13 ነበሩ፤ ፋሲል ከነማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ሀዋሳ ከተማ፣ ሲዳማ ቡና፣ ሀድያ ሆሳዕና፣ ወላይታ ድቻ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ሰበታ ከተማና ወልቂጤ ከተማ። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች፣ ማለት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ሊሳተፉ አልቻሉም። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለ ሆነ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፍ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን 24 ጊዜ ተጫወተ፤ ጠቅላላው 156 ጨዋታ ሆነ። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት የነበረው ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሊግ በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሰሉ የሕዝብ ክለቦች ቢኖሩም፣ አብዛኛው ቡድን የአንድ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ልጅ ሆኖ ኖረ። በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን የሆነው የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር የፋብሪካ ቡድን ነው፤ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን የሚሉት ስሞችም ራሳቸው ይናገራሉ። በኋላ የከተማ አስተዳደሮች በዚህ ሥራ ገቡ። በአጭሩ ክለቡ ከሚሸጠው ይልቅ የሚመደብለት ይበልጣል። ከበር የሚሰበሰበው የመግቢያ ዋጋ ለተጫዋቾች ደመወዝ እንኳ አይበቃም። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ድርጅት ምን ብሎ እንደሚጠራው ለአንባቢ እንተዋለን።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን የሊጉ አስተዳደር ከፌዴሬሽኑ እጅ ወጥቶ፣ ክለቦቹ ራሳቸው ባለድርሻ ወደ ሆኑበት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። ማኅበሩም የመጀመሪያውን ትልቅ ሽያጭ ፈጸመ። የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት መልቲቾይስ ለተባለው የዲኤስቲቪ ባለቤት ሸጠ፤ የውሉም ዋጋ 68 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል መሆኑ በጊዜው ተነገረ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ለቀረጻና ለማሠራጨት የሚወጣው ወጪ እንጂ በክለቦች እጅ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ሆኖም ሊጉ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ያወቀው በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ዕቃው የመግቢያ ቲኬት ሳይሆን ምስሉ ነበር።

እንግዲህ ምስል የሚሸጥ ሰው ካሜራውን ማጓጓዝ አለበት። ወደ እያንዳንዱ ክለብ ከተማ ካሜራና ባለሙያ መላክ ወጪው ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ወረርሽኙ ቡድኖች ከከተማ ከተማ እንዲመላለሱ የሚፈቅድ አልነበረም። ስለዚህ ሊጉ በአንድ ከተማ ሰፍሮ ጥቂት ሳምንት ተጫውቶ ወደሚቀጥለው የሚነሣ ሆነ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ድሬዳዋ ሄዶ በግንቦት በሐዋሳ ተፈጸመ። አባቶቻችን የሲራራ ነጋዴ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። የቀድሞው ሊግ ግን እንደ ደጋው ገበያ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ከተማ የራሱ ገበያ ቀን ነበረው።

አሁን ወደ ቁጥራችን እንመለስ። ቡድኖቹ በየሜዳቸው ቢጫወቱ ኖሮ ከ156ቱ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ቡድን 12ቱን በገዛ ከተማው ባስተናገደ ነበር። ለጎንደር 12 የገበያ ቀን ማለት ነው። ከደባርቅ፣ ከደብረ ታቦርና ከመተማ የሚመጣው ደጋፊ ያድራል፣ ይበላል፣ መለያ ይገዛል፣ ወደ ቤቱም ሲመለስ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። በሌላ ወገን ደግሞ ሲራራው የሰፈረባት ከተማ ታተርፋለች። እያንዳንዱ ቡድን ከአሠልጣኞቹ ጋር 30 ሰው ያህል ይዞ ተጓዘ ብንል፣ አሥራ ሦስቱ ወደ 400 የሚጠጋ እንግዳ ይሆናሉ፤ ይህም ሰው ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለሳምንታት የሚከራይ ነው። የባሕር ዳር ባለሆቴል ይህን ሲያገኝ፣ የጎንደሩ ጎረቤቱ በዚያው ዓመት አንድም አላገኘም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ መሆኑ ነው። ፋሲል በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን እስከ መጨረሻው ቀን ተከታትሎ በመቐለ 70 እንደርታ ተቀድሞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጨረሻው ሳምንት ሳይደርስ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ ኢትዮጵያ ቡናም ሁለተኛ ሆነ። ለጎንደር ክለብ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር። ዋንጫው የተነሣው ግን በፋሲለደስ ስታዲየም ሳይሆን በሐዋሳ ነው። የጎንደር ነጋዴ በታሪኩ ከሁሉ የበለጠውን የገበያ ቀን በመስኮት አየው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ምንም እንኳ ቡድኑ ሲመለስ የተደረገለት አቀባበል ታላቅ ቢሆንም።

ወረርሽኙ ከቀለለ በኋላም ይኸው የሲራራ ሥርዐት ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም. ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ባሕር ዳር አስተናገዱ፤ በ2015 ዓ.ም. ውድድሩን የከፈተችው ባሕር ዳር ነበረች። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ግን በአማራ ክልል የነበረው የጸጥታ ችግር ባለበት ጊዜ ውድድሩ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ጉዳቱ በክለቦች ሒሳብ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከስታዲየም አጠገብ ቆሎና ውሃ የምትሸጠው ሴትም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አለች፤ የእርሷን ጉድለት ግን መዝግቦ የያዘ የለም።

ለእኛ ደጋ የደረሰው ሌላኛው የነገሩ ገጽ ነው። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚታጠፈው መንገድ ሄዶ በመሐል ሜዳ የሚኖር ሰው ቀድሞ አብዛኛውን የሊጉን ጨዋታ በዐይኑ ለማየት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ ነበረበት፤ ያለዚያ የሬዲዮ ወሬ ይጠብቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሳህንና መቀበያ ያለው ሻይ ቤት ስታዲየም ሆነ። ባለ ሜዳዎቹ ከተሞች ያጡት ገበያ ተበትኖ በትንንሽ ከተሞች አዳራሽ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በጀማ ሸለቆ ማዶ ያለው የመርሐቤቴ ባለሱቅም፣ ባናና ዝተት የሚያሻግረው የመንዝ ነጋዴም፣ ከዚህ ትንሽ ትንሽ ደርሶታል።

ይህን ሥራ የያዙ ወይም ሊይዙ የሚያስቡ ነጋዴ ወንድሞችና እኅቶች ግን ሁለት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን። አንደኛ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚከፈለው የዲኤስቲቪ ክፍያ ገንዘብ እየተቀበሉ ለሕዝብ ለማሳየት አያበቃም፤ ለንግድ ቤት የተለየ ውል አለ። ሁለተኛ፣ መቀበያው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በተነሣ ቁጥር የአዳራሹ ሒሳብም አብሮ ይነሣል። የዕቃውን እርጅና ሳይቀንስ የሻዩን ሽያጭ ብቻ ትርፍ ብሎ የሚቆጥር ሰው መቀበያው የተበላሸ ዕለት ይደነግጣል።

ገንዘቡ ወደ ክለብ የሚገባበት ሌላው በር ማስታወቂያ ነው፤ እዚህ ላይ ደጋው ሳያውቀው እጁ አለበት። ገብስ የአገራችን ዋና እህል ነው፤ የቢራ ብቅልም ከገብስ ይሠራል። በጎንደርና በደብረ ብርሃን ፋብሪካ ያለው ዳሽን ቢራ በስሙ የሚጠራ ቡድን ነበረው፤ ያም ቡድን በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ ፈረሰ፤ ድርጅቱም በኋላ ፋሲል ከነማን ደገፈ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከለከለ። ቢራ ጠማቂዎች ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሲገፉ ቦታውን የያዘው ውርርድ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ የቤትኪንግን ስም ከራሱ ስም በፊት አስቀድሞ ይጠራ ነበር። ሕጉ ጤናን ለመጠበቅ የወጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። በየከተማው በውርርድ ቤት ደጅ የተሰለፈውን ወጣት ስናይ ግን፣ ከሱቃችን ዱቤ ወስዶ ያልከፈለው ገንዘብ የት እንደ ገባ መገመት አያቅተንም።

የሠራተኛውንም ዋጋ እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ዋጋ በስምምነት ሲታሰር ገበያው በጓሮ እንደሚሄድ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ ለብዙ ዓመት ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ላኪ ለሆኑ አንባቢዎቻችን ይህ ቡናን ሳይሆን ቡና የሚጫወትን ሰው መላክ ነው። ሆኖም ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ዕቃ መጋዘኑም ደረጃውን የጠበቀ መሆን አለበት፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየምን ለኢንተርናሽናል ጨዋታ አይበቃም ብሎ ሲያግድ፣ የአገሪቱ ቡድን የራሱን የሜዳ ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ።

የመጨረሻው ነገር መለያ ነው፤ ባለሱቆቻችን በብዛት የሚጠይቁንም ስለዚሁ ነው። ቀድሞ የክለብ መለያ በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የሚመጣ ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ግን ጎፈሬ የተባለው የአገር ውስጥ አምራች ለብዙ የሊጉ ክለቦች መለያ መሥራት ጀመረ፤ ለአስመጪው ተወዳዳሪ፣ ለባለሱቁ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሳይጠብቅ ትንሽ ትንሽ ማዘዝ የሚያስችል በር ሆነ። ትእዛዙን ውድድሩ ሲጀመር አብዝቶ መስጠት አይበጅም፤ በታኅሣሥ የሚመራው ቡድን በሚያዝያ ላይመራ ይችላልና፣ የወረደ ቡድን መለያ በዋጋውም አይሸጥም። የሚገዙትም ከክለቡ ፈቃድ ካለው ሰው መሆኑን ደረሰኝ ጠይቀው ያረጋግጡ። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበን ምልክት ያለ ፈቃድ ለጥፎ መሸጥ ያስከስሳል፤ ተጠያቂነቱም ሰፍቶ ባመጣው ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው ላይ ሰቅሎ በሚሸጠውም ላይ ይደርሳል።