እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ

አንድ ገበሬ እናስብ። ከሐዋሳ ከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ ይኖራል። የ12 ዓመት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል መጣ። የልጁ እግሮች እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ። አንድ እጁ ተኮማትሯል። ሲናገር ቃሉ ይጎተታል። አባትየው ገና ከመቀመጡ፣ «ዶክተር፣ ልጄ ይድናል ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

እንዲህ ያለ ልጅ በብዙ ቀበሌ አለ። ጓዳ ስለሚውል ግን አናየውም። አንዱ ጎረቤት «ርግማን ነው» ይላል። ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። ወላጆች በየአዋቂው ደጅ ሲንከራተቱ ዓመታት ያልፋሉ።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ጉዳቱ የደረሰው በእጅና በእግር ላይ ሳይሆን በአንጎል ላይ ነው። ጡንቻን የሚያዘው አንጎል ነው። በሬዎቹ ጤነኞች ቢሆኑም አራሹ ከታመመ ትልሙ ይጣመማል። ይህም እንደዚያ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው ልጁ በማኅፀን ሳለ፣ ሲወለድ ወይም በሕፃንነቱ ነው። ምጥ በዝቶ ሕፃኑ አየር ሊያጥረው ይችላል። ያለ ጊዜው ሊወለድም ይችላል። ከተወለደ በኋላ ሰውነቱ በጣም ቢጫ ሊሆን፣ ወይም ማጅራት ገትር ሊይዘው ይችላል። ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታው ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር እንደሚያያዝ በ1861 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። በሽታው አይተላለፍም። የወላጅ ኃጢአትም አይደለም።

አንዳንዶቹ ልጆች ትምህርት ይከብዳቸዋል። ብዙዎቹ ግን ነገሩን ሁሉ ይሰማሉ፤ ያስባሉ። መናገር ያቃተው ሁሉ ማሰብ ያቃተው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ገበሬው ጥያቄ እንመለስ። ልጁ ይድናል ወይ? የተጎዳውን አንጎል እንደነበረ የሚመልስ መርፌም ሆነ ኪኒን የለም። ነገር ግን የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም። የሚብሰው ሥራ ያጣው ሰውነት ነው። ያልታሸ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያልተፍታታ ጡንቻም እንዲሁ ያጥራል። በመጨረሻ መገጣጠሚያው አልዘረጋ ይላል። የገበሬው ልጅ በሁለት ዓመቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እግሩ እንዲህ ባልገተረ ነበር። ቢሆንም ዛሬም ጊዜው አላለፈም።

በ1998 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪሞች አሉት። ወደዚያ የሚላከው በቀበሌው ጤና ኬላና በጤና ጣቢያው በኩል ነው። ሐኪሙ ልጁን ይመረምራል። የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒት ያዝለታል። ይህ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ማለትም ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ እግሩን እንዴት እንደሚያፍታቱ ለወላጆች ያሳያል። አንዳንዱ ልጅ የእግር ድጋፍ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ገበሬ ግን እርሻውን ጥሎ በየቀኑ ሐዋሳ ሊመላለስ አይችልም። ስለዚህ የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚሠራው በቤት ነው። ባለሙያው ካሳየን በኋላ የሚከተለውን እንሥራ።

1ኛ. የገተረውን እግር በዝግታ እንዘርጋው። እስከ 30 እየቆጠርን እንያዘው። በኃይል አንጎትተው፤ ይበልጥ ይገትራልና።

2ኛ. ልጁን ቀኑን ሙሉ አናስተኛው። ደገፍ አድርገን እናስቀምጠው። ትንሽ ልጅ ከሆነ እግሮቹን ከፈት አድርገን እንዘለው።

3ኛ. ተጋድሞ አይብላ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩንም ትንሽ ዝቅ ያድርግ። ለስላሳ ገንፎ በጥቂት በጥቂቱ እናጉርሰው። ቸኩለን ካጎረስነው ትን ይለዋል።

4ኛ. መቆም ለሚችል ልጅ በግቢያችን መለማመጃ እንሥራለት። አራት ባላ ተክለን ሁለት አጣና እናጋድም። ቁመቱ እስከ ልጁ ወገብ ይሁን። ልጁ አጣናዎቹን በሁለት እጁ ይዞ መሐል ለመሐል ይራመዳል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

5ኛ. የሚችለውን ራሱ ይሥራ። ማንኪያ ይያዝ፤ ልብሱን ይልበስ፤ ቡና ይልቀም። ትምህርት ቤትም ይሂድ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውጤት አያሳይም። ቡና ተክሎ በማግስቱ የሚለቅም የለም። ልጁ ዛሬ አንገቱን ይደግፋል። ሌላ ጊዜ ይቀመጣል። አንዱ በከዘራ ይሄዳል፤ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳል። ሁሉም ግን ከጓዳ ይወጣል።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ነፍሰ ጡር በጤና ጣቢያ ትከታተል፤ እዚያው ትውለድ። ሕፃን ሰውነቱ ቢጫ ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ዕለት እንውሰደው። አራት ወር አልፎት አንገቱን ካልደገፈ፣ ዘጠኝ ወር ሞልቶት ካልተቀመጠ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» አንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እናማክር።

ያ ገበሬ ሐዋሳ የመጣው ልጁን ተሸክሞ ነው፤ ሲመለስም ተሸክሞ ነው። ነገር ግን የሚሠራውን ሥራ አውቆ ተመለሰ። አመሻሹ ላይ በግቢው አራት ጉድጓድ ቆፈረ። ልጁም ደጅ ተቀምጦ ባላዎቹ ሲተከሉ ያይ ነበር።