የለገሃሩ ሕንፃ ዕድሜ

በለገሃሩ አንበሳ ሥር ፎቶ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ያለውን ሕንፃ አናቱን ቆርጦ ያስቀረዋል። ያሳዝነኛል። ሐውልቱ እዚያ ሊቆም የቻለው እኮ ጣቢያው ስላለ ነው።

ከጅቡቲ የሚነሣው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እዚህ ያበቃ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚስተው የሕንፃውን ዕድሜ ነው። «ምኒልክ ያሠሩት ጣቢያ» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ማወቅ የሚገባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይሉታል። የመስመሩ ጥንስስ በእርግጥ የምኒልክ ነው፤ ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ የአውሮፓ መንግሥታትም ተሻሙበት፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ሲያርፉ ባቡሩ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። የደረሰው በ1909 ነው። ያኔም ይህ ሕንፃ የለም! ሌላ 12 ዓመት አልፎ፣ በኅዳር 1922፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተመረቀ። ንድፉ የፈረንሳዊው የፖል ባሪያ ነው።

ዓመቱን ያወቀ ሰው ሕንፃውን በሌላ ዓይን ያየዋል። በ1922 ባቡር ለከተማዋ ብርቅ አልነበረም፤ የጎደላት እንግዳ የምትቀበልበት ደጅ ነበር። ስለዚህ መሃሉ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ፣ ፊቱን ወደ ከተማዋ አዙሮ ተሠራ። ዓመት ሳይሞላ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የመጡ የውጭ እንግዶች በዚሁ ገቡ፤ የዦርዥ ጋርዴ አንበሳም በዚያው ሰሞን ተመረቀ። አንበሳውን ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ከደጁ ሽቅብ በሚወጣው ቸርችል ጎዳና ራስ ላይም ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማዘጋጃ ቤቱ ተሠራ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያዩ።

አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ «ልጄ፣ ጣቢያ የሚታየው በሐዲዱ በኩል ነው» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ሐዲዱም ከአሮጌው የ1 ሜትር ሐዲድ ስለሚሰፋ በዚያ መስመር ለገሃር መግባት አይችልም። የለገሃር አካባቢም በትልቅ የልማት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ታዲያ ሕንፃው ይጠበቅ ሲባል ፊቱን ብቻ መቀባት ጣቢያን ማቆየት አይባልም። ከጀርባው ተሳፋሪ ይጠብቅበት ከነበረው ስፍራና ከሐዲዱ፣ ቁራጭም ቢሆን፣ አብሮ ይቆይ።