የሞተር ሳይክል የዕቃ ሳጥን በቤት ውስጥ አገጣጠም

የሞተር ሳይክል ጠንካራ ሳጥን ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ላሜራ ተሠርቶ ከመቀመጫው ኋላ ወይም በሁለቱ ጎኖች የሚታሰር፣ ክዳንና ቁልፍ ያለው የጓዝ መያዣ ነው። ከሸራ ቦርሳ የሚሻለው አቧራና ዝናብ ስለማያስገባና ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዕቃውን ከሌባ ስለሚጠብቅ ነው። በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ባሉት እንደ ሳልሚያ፣ ሐወሊና ፈርዋኒያ ባሉ ሰፈሮች ሁለት ዓይነት ሳጥን ይታያል። አንደኛው ምግብ አድራሾች የሚጭኑት ባለ አራት ማዕዘን ትልቅ ሳጥን ነው፤ የምግብ ማዘዣ ድርጅቱ ታላባት እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያው ኩዌት ውስጥ ተመሥርቶ የማድረስ ሥራው እየሰፋ ከሄደ ወዲህ ይህ ሳጥን የማይታይበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ረጅም መንገድ የሚወዱ ነጂዎች የሚያስገጥሙት ነው። አየሩ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ወደ ደቡብ እስከ ኸይራን፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2019 በተከፈተው የሼክ ጃቢር ድልድይ ላይ ባሕሩን አቋርጠው ወደ ሱቢያ ሲሄዱ ጓዛቸውን ይይዙበታል፤ ሲደርሱም ነቅለው ይዘውት ይገባሉ።

ገጠማው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከሞተሩ ቴላዮ ጋር በብሎን የሚያያዘው የብረት ቱቦ መሸከሚያ ነው። ሁለተኛው መሸከሚያው ላይ የሚታሰረው፣ ሳጥኑ ገብቶ የሚቆለፍበት ዝርግ ማቀፊያ ነው። ሦስተኛው ሳጥኑ ራሱ ነው። ሳጥን ቢሰነጠቅ በሌላ ይተካል፤ የላላ መሸከሚያ ግን ነጂውን ከነሞተሩ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሸከሚያው ነው።

መሸከሚያ ሲገዛ ለሞተሩ ሞዴልና ለተሠራበት ዓመት ተብሎ የተዘጋጀውን መምረጥ ይበጃል። በብሬሻ፣ ኢጣሊያ፣ የቀድሞው የሞተር ተወዳዳሪ ጁዜፔ ቪሴንዚ እ.ኤ.አ. በ1978 የመሠረተው ጂቪን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለየሞዴሉ የተለየ መሸከሚያ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ስለሚታሰር መሰርሰርም መበየድም አያስፈልገውም። ለሁሉም ሞተር የሚሆን ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ መለካትና መብሳት ይጠይቃል። መለዋወጫና ብሎን ቢጎድል የጋራዦቹ መንደር ሹዌክ የኢንዱስትሪ አካባቢ አለ።

የሥራው ሰዓትና ቦታም መታሰብ አለበት። ሚትሪባ በተባለው የኩዌት በረሃ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የሙቀቱ መጠን 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። መንግሥት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ ይህ ሰዓት ለቤት ሥራም መተው ያለበት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እጅ ያቃጥላል። ምድር ቤት ያለው ጋራዥ ወይም ጥላ ያለው የመኪና ማቆሚያ ይመረጣል፤ ካልሆነም ከመሸ በኋላ መሥራት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ዕቃውን ከጥቅሉ አውጥቶ ከሥዕላዊው መመሪያ ጋር በማመሳከር ነው። ሞተሩ በመሀል ማቆሚያው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። መቀመጫው፣ የኋላ መያዣውና የጎን ሽፋኖቹ ይነሣሉ፤ የወጡት ብሎኖች እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። የድሮዎቹ ብሎኖች የመሸከሚያውን ውፍረት ስለማይበቁ ከመሸከሚያው ጋር የመጡት ረጃጅሞቹ ከማራራቂያ ቀለበቶቻቸው ጋር ይገባሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ብሎን ገና እንደገባ አጥብቆ ከታሰረ ቱቦው ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ የመጨረሻው ቀዳዳ ዝንፍ ይላል። ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ብሎኖች በጣት ብቻ ማስገባት፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ከኋላ ቆሞ ማየት፣ ከዚያ ተራ በተራ ማጥበቅ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከአምራቹ መመሪያ ነው፤ በተለምዶ ባለ 6 ሚሊሜትር የብረት ብሎን ወደ 10፣ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ወደ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ንቅናቄ እንዳያላላቸው ጥርሳቸው ላይ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ይደረጋል። የላይኛው ማቀፊያ በስስ ላሜራ ላይ ከሆነ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላና ናይሎን ያለው ዳዶ ይገባል።

የጎን መሸከሚያ ሲገጠም የኋላ ፍሬቻዎች ብዙ ጊዜ ቦታ ይለውጣሉ። ሽቦው ሳይወጠር መድረሱ፣ ታርጋውና የኋላ መብራቱም ከኋላ ለሚመጣ መኪና መታየታቸው ይረጋገጣል። በማርሚታው በኩል ያለው ሳጥን ከሙቀቱ መራቅ አለበት፤ አጭር መንገድ ከተነዳ በኋላ የሳጥኑን ሥር በእጅ መዳሰስ ርቀቱ በቂ መሆን አለመሆኑን ይነግራል። በመጨረሻም ከኋላ ሰው ተቀምጦ ሞላው ሲጨመቅ ጎማው መሸከሚያውን እንደማይነካ ይታያል።

ሳጥኑ ሲሰቀል መጀመሪያ የታችኛው ጥርስ ይገባል፤ ከዚያ የላይኛው መቆለፊያ ድምፅ እስኪሰጥ ይገፋል። በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ፈተናው ነው፤ ሞተሩ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ከተነቃነቀ ገጠማው ደህና ነው። የሳጥኖቹን ጠቅላላ ስፋት ለክቶ ማወቅም ያስፈልጋል፤ በሐወሊ የተጨናነቀ መንገድ መሪው ያለፈበት ቀዳዳ ሳጥኑን ላያሳልፍ ይችላል።

አጫጫኑ የገጠማውን ያህል ያስፈልጋል። ከኋላ ጎማ መሀል ወደ ኋላ ያለፈ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ በፍጥነት ጊዜም መሪው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በጎን ሳጥኖች ታች፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ወደ ላይኛው ይሄዳል። ብዙ ሳጥኖች ላይ 10 ኪሎ ግራም የሚል ወሰን ተለጥፏል፤ የፍጥነት ወሰንም ይጻፍባቸዋል፤ ሁለቱም መከበር አለባቸው። በጃቢር ድልድይ ላይ ከጎን የሚመጣ የባሕር ነፋስ ሰፊውን ሳጥን ስለሚገፋ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። ጭነት ሲጨምር የጎማው ንፋስና የሞላው ጥንካሬ በመመሪያው መሠረት ይስተካከላሉ።

ለአድራሾች ተጨማሪ ግዴታ አለ። የትራፊክ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የማድረሻ ሞተሮች በቀለበት መንገዶችና በፈጣን ጎዳናዎች እንዳይሄዱ ከልክለዋል፤ ሳጥኖቹ አንጸባራቂ ጥብጣብ እንዲለጠፍባቸውም አዝዘዋል። ይህ ጥብጣብ ርካሽ ነው፤ ለማንኛውም ነጂ በሌሊት ሕይወት ያድናል።

የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር እንዳለቀ ብሎኖቹ ሁሉ ደግመው ይፈተሻሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከአገሩ አየር ጋር መታገል ነው። የባሕሩ ጨው አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት ቦታ ዝገትን ያፋጥናል፤ ከባሕር ዳር መንገድ መልስ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል። ቁልፉ ላይ ዘይት ከፈሰሰ አሸዋ ስለሚይዝ ደረቅ የግራፋይት ማለስለሻ ይሻላል፤ የክዳኑ ጎማ እንዳይሰነጠቅ ሲሊኮን ይቀባል። ጥቁር ሳጥን ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ እጅግ ስለሚግል ላይተር፣ ፍሊትና ባትሪ አይተዉበትም።